ደም ሥር ያለው አጥንት በስቴም ሴል እንዴት ይበቅላል? ከመቅኔው እስከ ቀዶ ጥገናው

አጥንት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ደረቅና ነጭ ነገር ነው። በሕይወት ያለ አጥንት ግን እንደዚያ አይደለም። ልብ ከሚረጨው ደም ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ወደ አጥንት ይሄዳል። አጥንት ውስጥ የተቀበረ ሕዋስ ሁሉ ከአንድ ቀጭን ደም ሥር ብዙም አይርቅም። ተራ ስብራት በጥቂት ወራት የሚገጥመውም ለዚህ ነው። ደም በደንብ ያልደረሰው ስብራት ግን ዓመት ቢጠበቅም ላይገጥም ይችላል።

ጣጣው የሚመጣው ክፍተቱ ሲሰፋ ነው። ዕጢ ተቆርጦ ሲወጣ፣ ኢንፌክሽን አጥንቱን ሲበላው ወይም ከባድ አደጋ አጥንቱን ሲያደቀው ሰውነት በራሱ የማይሞላው ባዶ ቦታ ይቀራል። ተመራማሪዎች ይህንን እንስሳ ላይ ሲያጠኑ በቤተ ሙከራ አይጥ የጭን አጥንት ላይ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ በበግ ቅልጥም ላይ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ያበጃሉ።

ይህን ክፍተት በስቴም ሴል፣ ማለትም ራሱን እያበዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ በሚችል እናት ሕዋስ፣ መሙላት ይቻላል። ይህ መመሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሚገቡ ተማሪዎችና ወጣት ተመራማሪዎች ነው። ሐኪም የሚያወራውን መረዳት የሚፈልግ ሰውም ይጠቀምበታል። ሰው ላይ የሚደረገው ግን በሥነ ምግባር ኮሚቴና በመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ብቻ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ስሌት እንሥራ። ኦክስጅን ከቀጭን ደም ሥር ወጥቶ ሕዋሳት መካከል የሚጓዘው ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አዲስ ደም ሥር ደግሞ በቀን 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አያድግም። 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ብትተክሉ መሃሉ ከዳር 15 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ ደም መሃሉ ላይ ለመድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈልጋል። መሃል ያሉት ሕዋሳት ያን ያህል ጊዜ አይቆዩም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ደረጃ ሁሉ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ እስከዚያው ሕዋሳቱን ማን ያበላቸዋል?

ደረጃ 1፦ ስቴም ሴል ያስፈልጋል ወይ?

መጀመሪያ ክፍተቱን ለኩ። ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ዙሪያው ያለው ጡንቻ ጤነኛ ነው? ኢንፌክሽን አለ? አጥንቱ በብረት በደንብ ተይዟል? ኢንፌክሽን ባለበት ወይም በሚነቃነቅ ቦታ ላይ ምንም ዓይነት ሕዋስ ቢጨመር ትርፉ ኪሳራ ነው። ክፍተቱ እየተነቃነቀ አዲስ ደም ሥር ይበጠሳል፣ በአጥንት ፋንታም ጠባሳ ይሞላዋል።

ከዚያ ያሉትን አማራጮች አስቡ። ለትንሽ ክፍተት ከራስ ዳሌ ተቆንጥሮ የሚወሰድ አጥንት እስከ ዛሬ ሌላው ሁሉ የሚለካበት ሕክምና ነው። ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ክፍተት ደግሞ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ፊቡላ የሚባለውን ቀጭኑን የእግር አጥንት ከነደም ሥሩ አውጥተው በማይክሮስኮፕ ይሰፉታል። ይህንን አውስትራሊያዊው ኢያን ቴይለር በ1975 አሳየ። ሌላው የፈረንሳዊው አለን ማስክሌ ዘዴ ነው። ክፍተቱ ውስጥ መጀመሪያ ለአጥንት ቀዶ ጥገና የተሠራ የሲሚንቶ ቁራጭ ይቀመጣል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲቆይ ዙሪያው ደም ሥር የሞላበት ስስ ሽፋን ይሠራል። ከዚያ ሲሚንቶው ወጥቶ ሽፋኑ ውስጥ አጥንት ይሞላል። ይህን ሽፋን አትርሱት፣ ደረጃ 7 ላይ ይመጣል።

ስቴም ሴል ቦታ የሚያገኘው እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ነው። ከራስ የሚወሰደው አጥንት ሲያልቅ፣ የሚወሰድበት ቦታ ሕመም ሲያስከትል፣ ወይም እንደ መንጋጋ ቅርጹ አስቸጋሪ ሲሆን።

ደረጃ 2፦ ሕዋሱን መውሰድ

አጥንት የሚሠሩትን ስቴም ሴሎች በመቅኔ ውስጥ መጀመሪያ ያሳየው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፍሪደንሽታይን ነው፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ። ዛሬም የተለመደው ምንጭ የዳሌ አጥንት መቅኔ ነው። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ከሰውነት ስብ ማውጣት ተለምዷል። ስቡ በብዛት ይገኛል፣ አወጣጡም ብዙ አያሳምምም።

መቅኔ ስትወስዱ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ብዙ መሳብ ደም ነው የሚያመጣው። ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሚሊ ሊትሮች ከወጡ በኋላ መርፌው የሚስበው ዝውውር ላይ ያለውን ደም ነው። ከአንድ ቦታ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ሳቡ፣ መርፌውን አዙሩ ወይም ትንሽ ቦታ ቀይሩ፣ እንደገና ሳቡ። አሰልቺ ነው፤ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። እነዚህ ሕዋሳት መቅኔ ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው፦ ከ10,000 እስከ 100,000 ከሚሆኑ ሕዋሳት መካከል አንድ ገደማ።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያሳስብ የፈረንሳዊው ፊሊፕ ኤርኒጉ የ2005 ሥራ ያሳያል። ቅልጥማቸው አልገጥም ያላቸው 60 ታማሚዎች የራሳቸው መቅኔ ሴንትሪፊዩጅ በሚባለው አሽከርካሪ ማሽን ተጠናክሮ በመርፌ ተሰጣቸው። የ53ቱ ገጠመ። ያልገጠመላቸው ሰባቱ የተሰጣቸው መቅኔ በስቴም ሴል ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

ደረጃ 3፦ ማብዛትና ማንነቱን ማረጋገጥ

ይህ ቤተ ሙከራ የለመደ ሰው በቀላሉ የሚወጣው ክፍል ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። መቅኔውን ፍላስክ በሚባለው የሕዋስ ማሳደጊያ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡ፤ 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ያልተጣበቀውን አጥባችሁ አስወግዱ። የቀሩት ፍላስኩን 80 በመቶ ያህል ሲሸፍኑ አንስታችሁ አከፋፍሉ። ለሰው የሚሆን ከሆነ ለሕዋሱ ምግብ በሚሆነው የጥጃ ሴረም (የደም ፈሳሽ) ፋንታ ከሰው ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም ከሚያረጉት የደም ቅንጣቶች፣ የተዘጋጀ ተጠቀሙ። ከአምስተኛው የማከፋፈል ዙር በላይ ባትሄዱ ይመረጣል፤ ሕዋሳቱ ያረጃሉ፣ አጥንት የመሥራት አቅማቸውም ይወርዳል።

ማንነታቸውን ለማረጋገጥ በ2006 የወጣውን ዓለም አቀፍ መስፈርት ተከተሉ። ፕላስቲክ ላይ መጣበቅ አለባቸው። ቢያንስ 95 በመቶዎቹ ሲዲ105፣ ሲዲ73 እና ሲዲ90 የሚባሉትን የሕዋስ ገጽ መለያ ፕሮቲኖች ሊያሳዩ ይገባል። እንደ ሲዲ45 ያሉ የደም ሕዋስ ምልክቶች ከ2 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። በመጨረሻም ወደ አጥንት፣ ወደ ስብና ወደ ልም አጥንት መለወጥ መቻል አለባቸው። ማይኮፕላዝማ የሚባለው በጣም ትንሽ ባክቴሪያ እንዳልገባም በየጊዜው መርምሩ። ማይኮፕላዝማ በተራ ማይክሮስኮፕ ስለማይታይ ሳይታወቅ የወራት ሥራ ያበላሻል።

ደረጃ 4፦ ደም ሥር የሚሠሩትን ሕዋሳት መጨመር

ስቴም ሴል ብቻውን አጥንት ሊሠራ ይችላል፤ ቱቦ ግን በራሱ አይዘረጋም። ለዚያ የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍኑት ኢንዶቴልያል ሕዋሳት ያስፈልጋሉ። ለሙከራ ብዙ ጊዜ የሚወሰዱት ከእትብት ነው። ለታማሚ ግን የእትብቱ ሕዋስ ባዕድ ስለሆነ ሰውነት ሊገፋው ይችላል። የራስ ደም ውስጥ ከሚዘዋወሩ ጥቂት እናት ሕዋሳት ማሳደግም ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ሦስተኛው መንገድ ስብ ነው። ስብ በኤንዛይም ተፈጭቶ የሚወጣው የሕዋስ ድብልቅ ስቴም ሴልም ኢንዶቴልያልም በአንድ ላይ ይዟል። ታማሚው ቀዶ ጥገና ክፍል እያለ እንኳ ሊዘጋጅ ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ ለሕክምና ቅርብ የሆነው ይሄኛው ነው።

ሁለቱን ሕዋሳት ስትቀላቅሉ ኢንዶቴልያሉ ቱቦ ይሠራል። ከስቴም ሴሎቹ የተወሰኑት ደግሞ ቱቦውን ከውጭ አቅፈው ያጠናክሩታል። ይህ እቅፍ ከሌለ ቱቦው በቀናት ውስጥ ይፈርሳል። አንድ ለአንድ መቀላቀል ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በራሳችሁ ሕዋስ እየሞከራችሁ አስተካክሉ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ስቴም ሴልን ወደ አጥንት የሚገፋው የተለመደው ፈሳሽ ሦስት ነገር አለው፦ ዴክሳሜታሶን፣ ቫይታሚን ሲ እና ቤታ ግሊሰሮፎስፌት። ዴክሳሜታሶን የደም ሥር እድገትን ያፍናል። ሁለቱን ሕዋስ ቀላቅላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ይህንን ፈሳሽ ካፈሰሳችሁ አጥንቱን እያበረታታችሁ ቱቦውን ትገድላላችሁ። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ለደም ሥር በሚስማማ ፈሳሽ ቱቦው ይዘርጋ። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ የአጥንቱ ይምጣ፤ ዴክሳሜታሶኑም ይቀነስ።

ደረጃ 5፦ ስካፎልዱን መምረጥ

ስካፎልድ ሕዋሳቱን የሚይዘው እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ አካል ነው። ቀዳዳዎቹ ከ300 ማይክሮን በላይ ቢሆኑ ይመረጣል። ከ100 ማይክሮን በታች ከሆኑ ደም ሥር በደንብ አይገባም። ከስፋታቸው የሚበልጠው ግን መገናኘታቸው ነው። እርስ በርሱ የማይገናኝ ሰፊ ቀዳዳ ዝግ ክፍል ስለሆነ ደም አያልፍበትም። ስካፎልድ ስትገዙም ስታሳትሙም የመተላለፊያዎቹን ስፋት ጠይቁ።

ከቁሳቁሶቹ የአጥንትን ማዕድን የሚመስለው ሃይድሮክሲአፓታይት ጠንካራ ነው፤ ለዓመታት ግን አይሟሟም። ቤታ ትራይካልስየም ፎስፌት በወራት ውስጥ ለአዲሱ አጥንት ቦታ ይለቃል። ላሪ ሄንች በ1969 የፈጠረው ባዮአክቲቭ ብርጭቆ ከአጥንት ጋር በቀጥታ ይጣበቃል። ፒሲኤል የሚባለው ፕላስቲክ በ3ዲ ማተሚያ እንደልብ ይቀረጻል። ቀዳዳ በጨመራችሁ ቁጥር ጥንካሬ ይቀንሳል። ሸክሙን ስካፎልዱ ይሸከም ብላችሁ ቀዳዳ ከምታጠቡ ሸክሙን ለብረቱ ተዉትና ቀዳዳውን አስፉ።

ደረጃ 6፦ የእድገት ምልክቶች፣ በልክ

ደም ሥርን የሚጠራው ዋናው ፕሮቲን ቪኢጂኤፍ ነው። አጥንትን የሚያዘው ቢኤምፒ-2 ነው። ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ የወጣለት አጥንት ጡንቻ ውስጥ ተተክሎ አዲስ አጥንት እንደሚያስበቅል በ1965 አሳየ፤ የቢኤምፒ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቢኤምፒ-2 በ2002 በአሜሪካ ለጀርባ አጥንት ቀዶ ጥገና ተፈቀደ። በ2008 ግን አንገት ላይ የተጠቀሙበት ታማሚዎች ጉሮሯቸው እያበጠ አደጋ ላይ በመውደቃቸው የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ቪኢጂኤፍም ሲበዛ የሚያፈስስና የተዛባ ደም ሥር ይሠራል። በዚያ ላይ አጥንት በል ሕዋሳትን ይጠራል። ስለዚህ ፕሮቲኑን በአንድ ጊዜ አታፍስሱት። በጄላቲን ጠብታዎች ውስጥ ወይም ሄፓሪን በሚባለው ፕሮቲን ያዥ ሞለኪውል ላይ አስራችሁ በቀስታ እንዲለቀቅ አድርጉ። ቅደም ተከተሉም እንደ ደረጃ 4 ነው፦ ቪኢጂኤፍ ቀድሞ፣ ቢኤምፒ-2 ዘግይቶ።

ሁሉም ደም ሥር ለአጥንት እኩል አይደለም። በ2014 የጀርመኑ ራልፍ አዳምስ ቡድን በአይጥ አጥንት ውስጥ ዓይነት ኤች የሚባሉ ቀጭን ደም ሥሮችን ለየ። አጥንት ሠሪ ሕዋሳት የሚሰበሰቡት በእነሱ ዙሪያ ነው። በእድሜ እየቀነሱም ይሄዳሉ። የአዛውንት አጥንት ቀስ ብሎ የሚገጥምበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ደረጃ 7፦ መዝራት፣ ማሳደግ፣ ከደም ጋር ማገናኘት

ሕዋሱን በፒፔት ስካፎልዱ ላይ ብታንጠባጥቡት ላዩ ላይ ይቀራል። ፈሳሹን በስካፎልዱ ውስጥ በፓምፕ የሚያሳልፍ ባዮሪአክተር ተጠቀሙ። ሕዋሱ እስከ መሃል ይደርሳል፣ ምግብም ያገኛል፣ የፈሳሹ ግፊትም አጥንት የመሥራት ምልክት ይሰጠዋል። በ2010 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጎርዳና ቩኒያክ ኖቫኮቪች ቡድን በዚህ መንገድ ከሰው ስቴም ሴል በመንጋጋ መጋጠሚያ ቅርጽ የተሠራ አጥንት በ5 ሳምንት አሳደገ። በ2016 ደግሞ ከአሳማዎች የራሳቸው ስብ በተወሰደ ሕዋስ የተሠራ የመንጋጋ ክፍል ተክለው ለ6 ወር ተከታተሉት።

ባዮሪአክተሩ ሲጠፋ ግን ፓምፑም ይቆማል። ከተተከለ ደቂቃ ጀምሮ ያ ሁሉ ሕዋስ ይራባል። እዚህ ላይ የፓሪሱ ኤርቬ ፕቲ ቡድን ያገኘው ነገር ይጠቅማል። ስቴም ሴሎች ግሉኮስ እስካላቸው ድረስ ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ይቋቋማሉ፤ የሚገድላቸው የግሉኮሱ ማለቅ ነው። ስለዚህ ግሉኮስ በቀስታ የሚለቅ ጄል ስካፎልዱ ውስጥ መጨመር ቀናት ይገዛላችኋል።

ከደም ጋር ለማገናኘት ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው መጠበቅ ነው። ለጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል።

ሁለተኛው በደረጃ 4 የተዘረጋው ቱቦ ከታማሚው ደም ሥር ጋር እንዲጋጠም መተው ነው። ደም ሥሩ እስከ መሃል ድረስ ማደግ አይጠበቅበትም፤ ዳር ላይ ተገናኝቶ ያለውን መስመር ይጠቀማል። በአይጦች ላይ ይህ ግንኙነት በቀናት ውስጥ ይሆናል። የማስክሌ ሽፋን እዚህ ይገባል፤ በደም ሥር የተሞላ ጎረቤት ስለሆነ ስካፎልዱን እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ ርቀቱን ያሳጥራል።

ሦስተኛው ለትልቅ ክፍተት ነው፦ የታማሚውን አካል ራሱን ባዮሪአክተር ማድረግ። በ2004 በጀርመኗ ኪል ከተማ የፓትሪክ ቫርንኬ ቡድን መንጋጋው በካንሰር ምክንያት ለተቆረጠ የ56 ዓመት ሰው ይህን ሠራ። የታይታኒየም ወንፊት በመንጋጋው ቅርጽ ተዘጋጀ። የአጥንት ማዕድን ቁርጥራጭ፣ 7 ሚሊ ግራም ቢኤምፒ-7 (የቢኤምፒ-2 ዘመድ) እና 20 ሚሊ ሊትር የራሱ መቅኔ ተሞላበት። ከዚያ በቀጥታ ፊቱ ላይ አልተተከለም፤ ጀርባው ላይ ባለው ሰፊ ጡንቻ ውስጥ ለ7 ሳምንት ተቀመጠ። ጡንቻው ደም ሥር ላከበት፣ አጥንት በቀለበት። በመጨረሻም ከነጡንቻውና ከነደም ሥሩ ወጥቶ ፊቱ ላይ ተሰፋ። ፊንላንዳውያን በ2009 ተመሳሳዩን ለላይኛው መንጋጋ ሠሩ፤ ከስብ የተገኘ ስቴም ሴል ሆድ ጡንቻ ውስጥ ለ8 ወር አሳድገው።

ሌላው ስልት የጀርመኗ ኤርላንገን ቡድኖች የሠሩበት ነው። የደም ወሳጅና የደም መላሽ ሥር በአንድ ቀለበት ይሰፉና ስካፎልዱ መሃል ይገባሉ። ደም ሥሩ ያኔ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበቅላል። ሁለት ቀዶ ጥገና መሆኑ ከባድ ነው። ቢሆንም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ነገር ዛሬ ከሁሉ የማምነው ይህንን ሦስተኛ መንገድ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት የሚፈስ ደም ያለው እሱ ብቻ ነውና።

ከዚህ ሁሉ ዞር የሚል አንድ አቋራጭም አለ። ፅንስ ረጅም አጥንቶቹን የሚሠራው መጀመሪያ ልም አጥንት አድርጎ ነው። ልም አጥንት ያለ ደም ሥር መኖር ይችላል። ሲበስል ራሱ ቪኢጂኤፍ አመንጭቶ ደም ሥር ይጠራል፤ ከዚያ ወደ አጥንት ይለወጣል። የስዊዘርላንዷ ባዝል ቡድን በ2010 ከሰው ስቴም ሴል የተሠራ ልም አጥንት በአይጥ ውስጥ እንዲህ ሲለወጥ አሳይቷል። አዲስ የሚጀምር ቤተ ሙከራ ይህን መንገድ ቢያስብበት እላለሁ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን ማጣራት

አሊዛሪን በሚባለው ቀለም ካልሲየም ቀይ ሆኖ ይታያል። ፎቶው ያምራል፤ ግን የሞተ ሕዋስም ካልሲየም ያጠራቅማል። ስለዚህ ቀይ ቀለም ብቻ አይታችሁ አጥንት ሆነ አትበሉ። በቲሹ ቁራጭ ላይ በማዕድኑ ውስጥ የተቀበረ ሕያው ሕዋስ ፈልጉ።

ደም ሥሩም እንዲሁ ነው። የኢንዶቴልያል ሕዋስ መለያ የሆነው ሲዲ31 ቱቦ መኖሩን ያሳያል፤ ደም እየፈሰሰበት መሆኑን ግን አያሳይም። ቱቦው ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስ አለ? እንስሳው ከመገደሉ በፊት ደም ሥሩ ውስጥ የተረጨ ቀለም መሃሉ ላይ ደርሷል? የደም ሥሩ ባለቤት ማን ነው? የሰው ሕዋስ አይጥ ላይ ከተከላችሁ የሰውን ሲዲ31 ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ይለይላችኋል። ሁልጊዜም ባዶ ስካፎልድ፣ ስቴም ሴል ብቻ ያለበት እና ሁለቱም ሕዋስ ያለበት ጎን ለጎን ይሁኑ። ባዶው ስካፎልድ ያው ውጤት ካመጣ ሕዋሱ ምን እንደሠራ መናገር አትችሉም።

የተተከለው ስቴም ሴል አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ እንደሚጠፋም እወቁ። ብዙ ጊዜ ሥራው በሚያመነጨው ምልክት የታማሚውን ሕዋሳት መጥራት ነው። ይህ ውድቀት አይደለም። ግን ዘገባ ስትጽፉ አጥንቱን የሠራው የተከልነው ሕዋስ ነው ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 9፦ ታማሚው ላይ

በ2001 ሮዶልፎ ኳርቶና ባልደረቦቹ ሦስት ታማሚዎች ረጅም አጥንታቸው ላይ የራሳቸው የመቅኔ ሕዋስ ሃይድሮክሲአፓታይት ላይ ተደርጎ እንደተተከለላቸው ጻፉ። ይህ ሕክምና ዛሬም በብዛት የሚሰጠው በምርምር ሙከራ ውስጥ ነው። በመርፌ አንድ ጊዜ ወግተን ማንኛውንም አጥንትና መገጣጠሚያ እናድናለን የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሕዋሱ ከየት ነው፣ ሙከራው የት ተመዝግቧል፣ ማን ፈቀደ? መልሱ ከተድበሰበሰ ውጡ።

ታማሚው የሚያጨስ ከሆነ ያቁም። ኒኮቲን ቀጫጭን ደም ሥሮችን ያጠብባል፤ እናንተ ደግሞ የደከማችሁት ለእነሱ ነው። የደሙ ስኳርም ይስተካከል።

ከተከላው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም በተተከለው ውስጥ መዘዋወሩ በዶፕለር፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ የደም ፍሰትን በሚያሳይ መሣሪያ፣ ይታያል፤ በተለይ ደም ሥር የተሰፋበት ከሆነ በየሰዓቱ። ሲቲ ስካን በወራት ልዩነት ይነሳል። እግር ከሆነ ሸክም በአንዴ አይጫንም፤ ጨርሶ አለመጫንም አጥንቱን ያሳሳል። ሐኪሙ እያየ በጥቂቱ ይጨምራል። ብረቱን ለማውጣት አትቸኩሉ። በሲቲው ላይ አዲሱ አጥንት ከሁለቱም ጫፍ ጋር በአብዛኛው ዙሪያው ተያይዞ እስኪታይ ድረስ ባለበት ይቆይ።